አንድ ቃል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር

የመዝገበ ቃላቱ መሥሪያ ቤት በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍሎች አሉት። በሦስቱ ይሳቃል፣ ይታማል፣ ይኮረፋል፣ ተመልሶም ይታረቃል። አራተኛው የአራሚው ነው። አራሚው በኮሪደሩ ሲመጡ የጫማቸው ድምፅ ቀድሟቸው ይደርስና በየክፍሉ ያለው ወሬ ውኃ እንደተቸለሰበት እሳት ድርግም ይላል። ከጀርባቸው «አራት ነጥብ» ይሏቸዋል፤ እሳቸው ከገቡበት ወሬ በኋላ የሚቀጥል ነገር ስለሌለ። ይህን ካወቁ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ማን እንዳወጣላቸው አልጠየቁም። «አጭር ነው፣ ያስኬዳል» ብለው ለራሳቸው ፈርደው ትተውታል።

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቃል ካርድ አለው። ከላይ ቃሉ፣ መካከል ላይ ቃሉ የገባበት ዓረፍተ ነገር፣ ከግርጌ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ከማን አፍ፣ የት፣ መቼ እንደተሰማ ይጻፋል። ለቃሚ የሚባሉት ሠራተኞች በየገበያው፣ በየሐኪም ቤቱ፣ በየአውቶቡስ ወረፋው እየዞሩ ጆሯቸውን ይጥላሉ። የሰሙትን በደብተር ይዘው ይመለሱና ቢሮ ቁጭ ብለው ወደ ካርድ ይገለብጣሉ። አራሚው አይተው በቀኝ ጥጉ ካልፈረሙበት አንድም ካርድ ማተሚያ ቤት አይገባም።

ሁለት ሕግ አለ፤ ሁለቱንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው፣ ያልተሰማ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም። ከራሱ አውጥቶ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ በሬ ሣር ያስበላል፤ በሬው ሣር መብላቱን ደግሞ ለማወቅ መዝገበ ቃላት የሚገዛ የለም። ሁለተኛው፣ አንድ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር። ድሮ ለቃሚዎቹ የሰውን ትዳር ከነፍቺው ካርድ ላይ ያሰፍሩት ነበር። «የሰፈር ነገር አናትምም። ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ፤ ፊቱንና ኋላውን ቁረጡ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ይቆረጣል።

በዚያ ሰሞን አራሚው የራሳቸው ጣጣ ነበረባቸው። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት የኪራይ ቤት ሊፈርስ ነው፤ ለወሩ መጨረሻ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏል። አንድ ያለቻቸው ልጅ አስተማሪ ናት፤ ባልና ሁለት ልጆች አሏት። የቤቱን ወሬ የሰማች ዕለት፣ «እኔ ጋ ትገባለህ አባዬ፣ አለቀ» አለቻቸው። እሳቸውም «አስብበታለሁ» ብለው መለሱ። እሺ ማለት በእሳቸው አፍ እንዲህ ነው የሚባለው። ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ዜማ ሲያጉረመርሙ ራሳቸውን ያዙና ዙሪያቸውን ቃኝተው ዝም አሉ። መጻሕፍቱን በካርቶን አስረው ጨርሰዋል። እሑድ ለምሳ ሲሄዱ በቃላቸው «እመጣለሁ» ሊሏት ነው።

ዓርብ ጠዋት፣ ሰኞ ማተሚያ ቤት መድረስ ያለበትን መሳቢያ ከፈቱ። የዕለቱ ድርሻ ዘመን ጥሏቸው ስለሄደ፣ ወግ ስለሚያበዙ፣ አብሯቸው መቀመጥ ስለሚያደክም ሰዎች የሚነገሩ ቃላት ነበሩ፤ አርባ ሦስት ካርድ።

እንዲህ ያለ መሳቢያ ደስ ይላቸዋል። «ግትር»ን ከ«ችኮ» ለዩ፦ ግትር ሰምቶ እንቢ የሚል፣ ችኮ ሳይሰማ እንቢ የሚል። «ፋራ» ደግሞ እንቢ የሚባልበት ነገር መኖሩ ራሱ ወሬው ያልደረሰው። በ«ወግ አጥባቂ» ጥግ «ጋዜጣ ላይ እንጂ ወጥ ቤት ውስጥ አይባልም» ብለው በእርሳስ ጻፉ። «ያረጀ ያፈጀ»ን፣ «ዘመን የሻረው»ን፣ «ክርር ያለ»ን አሳለፉ። «የሙዚየም ዕቃ» ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ዕቃው ቢያንስ ሰው ከፍሎ ገብቶ ያየዋል ብለው አሰቡ።

በ«ችኮ» ካርድ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ «ሰውዬው ችኮ ነው፤ ኮምፒውተር ብንሰጠው የአበባ ማስቀመጫ አደረገው» ይላል። ከግርጌው «የመሥሪያ ቤት ኮሪደር» ተብሏል። አራሚው ቀና ብለው ጠረጴዛቸው ጥግ ላይ ያለውን የኮምፒውተር ሣጥን አዩ። በላዩ ላይ አበባው ለምልሟል። ካርዱ ላይ የጎደለች ነጠላ ሰረዝ ጨምረው ፈረሙ። ሰው በገዛ መሥሪያ ቤቱ ቢታማ ምን ይገርማል? በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ቆዳ እንጂ አጥንት አይነካም።

ሠላሳ ዘጠነኛው ካርድ ቲኬት ቆራጯ የጻፈችው ነበር። ቲኬት ቆራጯ ለቃሚ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት አሥራ አምስት ዓመት አውቶቡስ ላይ ቲኬት ስትቆርጥ ነው የኖረችው፤ ስሙም ሥራውን ተከትሎ መጣ። ፊደሏ ትልልቅና ክብ ክብ ነው። ካርዱ እንዲህ ይላል፦

አየር ጨራሽ። «አባቴ እኮ አየር ጨራሽ ነው፤ ትንሹ ልጄ ‹ቻው አያቴ› ብሎ ቢወጣ ሦስት ጊዜ ከበር መልሶ ‹ደኅና ይዋሉ አያቴ› አስባለው።» ሴት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ፣ የተማሪ ደብተር የታቀፈች፣ አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም። የአውቶቡስ ወረፋ፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መውጫ።

መጀመሪያ ያነበቡት እንደ አራሚ ነው። ጥሩ ካርድ ነው አሉ በልባቸው። አዲስ ቃል፣ ሕያው አፍ፤ ምሳሌውም ትርጉሙን ብቻውን ይሸከማል። ብዕራቸውን አነሡ። ከዚያ ብዕሩ አየር ላይ ቀረ።

ያለፈው እሑድ ነበር። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያውን ሲመልሱት ግራ ገባው። ሁለተኛውን ጨዋታ መስሎት ሳቀ። በሦስተኛው አገጩ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፣ ግን በደንብ አለው፤ እሳቸውም ራሱን ዳሰሱት። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ሳሕን ታጥብ ነበር። ሳሕኖቹ ካለቁ በኋላም ቧንቧው ሲፈስ እንደነበር አሁን ትዝ አላቸው። ያን ቀን ግን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ «ዛሬ ደኅና ዋልን» ብለው ነበር ያሰቡት።

ተነሥተው በሩን ከፈቱና ቆራጯን ጠሩ።

«አቤት ጋሼ» አለች ከደጃፉ ሳታልፍ። «ጥፋት አለው እንዴ ካርዱ?»

«ጥፋት የለውም። ቁጭ በይ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ቁጭ በይ ተብላ አታውቅም። የወንበሩን ጫፍ ብቻ ይዛ ተቀመጠች።

«ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?»

«ኧረ በምን አውቄያት! ወረፋ ላይ ከፊቴ ነበረች። ለጓደኛዋ ነው የምታወራው። ደግሞ እኔ ፊት አላይም ጋሼ፤ ቲኬት ስቆርጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው ሰው መስማት የለመድኩት።»

«ደብተርሽ ላይ ከዚህ ቀጥሎ ምን አለ?»

«ከየቱ ቀጥሎ?»

«ከዚህ ዓረፍተ ነገር።»

ቆራጯ ትክ ብላ አየቻቸው። «ኋላውን ቁረጡ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። አምጪው።»

ደብተሩን ይዛ መጣች፤ ጣቷን በምራቋ እያረጠበች ገለጠች፤ አገኘችው። ማቆሚያ እንደምትጠራ ሆና፣ ድምጿን ሳታነሣ ሳትጥል አነበበች፦

«‹ታዲያ ለምን ታስገቢዋለሽ?› አለች ጓደኛዋ። ‹ምን ላድርግ፣ አባቴ አይደል? ብቻውን ቤት ውስጥ ወድቆ ሰው ሳያየው ከሚሰነብት እኔው ልታፈን። ባሌን እንኳ ስንት ለምኜው ነው። ልጆቹ ይለምዱታል። እኔም ልጅ ሆኜ ለምጄዋለሁ።› ከዚያ አውቶቡሱ መጣ።»

ቆራጯ ደብተሩን አጠፈች።

«አንጀቴን ነው የበላችው ጋሼ። ሰውዬው ምን ዓይነት ድርቅ ያለ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ በልጅስ ታድሏል።»

«ታድሏል» አሉ አራሚው።

«ታዲያ ይጣል ካርዱ?»

መጣል ይችሉ ነበር። ከአንድ አፍ ብቻ የተሰማ ቃል ለሚቀጥለው እትም ይቆይ ማለት ያለ ነገር ነው፤ ማንም አይጠይቃቸውም። ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለራሳቸው ምቾት ብለው የጣሉት ካርድ የለም። በቀኝ ጥጉ ፈረሙ። ቀኑንም ጻፉበት።

«ጥሩ ጆሮ አለሽ» አሏት።

ቆራጯ ወጣች። ወዲያው ከግድግዳው ባሻገር ድምጿ ተሰማ፦ «አራት ነጥብ አመሰገነኝ! ኧረ ሰዎች፣ ይሄ ሰውዬ ሳይታመም አይቀርም።» ሳቅ ሆነ። አራሚው የቀሩትን አራት ካርዶች አርመው መሳቢያውን ዘጉ።

ቅዳሜ ዕለት ክፍል ፍለጋ ወጡ። ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ አንድ የተከራዮች ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋና ጠረጴዛ የምታስገባ ክፍል አገኙ። ቧንቧው ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ ለአራት ቤት አንድ። አከራዩ «ለብቻዎ ነው? ልጅ የለዎትም?» ሲላቸው «አለችኝ» ብለው ቁልፉን ተቀበሉ።

እሑድ ልጃቸው ቤት ሲደርሱ ምሳ ቀርቧል። አራሚው መንገዱን ሙሉ ለራሳቸው ቃል ሲገቡ ነው የመጡት፦ ዛሬ ማንንም አላርምም። ትንሹ ልጅ አፉን ሞልቶ አወራ፤ ዝም አሉ። ትልቋ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከወንድሟ ሳሕን ላይ አነሣች፤ ዓይናቸውን ወደ ሳሕናቸው መለሱ። ግን ልጆቹ የለመዱትን ያውቃሉና ባጠፉ ቁጥር ቆም ብለው አያታቸውን ያያሉ። እናትየውም ታያለች። አባትየውም ያያል። ያልመጣው ተግሣጽ ከመጣው የባሰ ሆነ፤ ሁሉም እጁን ሰብስቦ ይጠብቀው ጀመር። አማቻቸው ነገሩን ለማላላት ቀልድ ጣል አደረገ። አራሚው ሊስቁ ሞከሩ፤ የሳቁት ግን ሌላው ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ስለነበር ሳቃቸው ጠረጴዛው መካከል ብቻውን ቀረ።

«አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለች ልጃቸው።

«ደኅና ነኝ።»

«ዝም አልክ እኮ።»

«እየበላሁ ነው።»

ከምሳ በኋላ እጃቸውን ይዛ ወደ ጓዳው ወሰደቻቸው። የልጆቹ መኝታ ቤት ነበር። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ የልጆቹ አልጋ ወጥቷል፤ በቦታው አንድ የአዋቂ አልጋ፣ የንባብ መብራት፣ ለመጻሕፍት የሚሆን ባዶ መደርደሪያ ቆሟል። ቀለሙ ገና ይሸታል።

«ልጆቹስ?» አሉ።

«ሳሎን ይተኛሉ። ምን ይሆናሉ፣ ልጅ እኮ የትም ይተኛል። እንዴት ነው? መብራቱ ይበቃሃል? ለዓይንህ ብዬ ነው ነጩን የገዛሁት።»

አራሚው መብራቱን አዩት። አውቶቡስ ላይ ያዘጋጁት ነገር ነበር፤ ሞቅ ያለ ነገር፤ ልጄ የሚል ቃል ያለበት፤ ቤትሽ ሰላሙን እንዳያጣ የሚል። ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ባለትዳር ቤት መግባቴ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ክፍል ተከራይቻለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ እገባበታለሁ።»

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። ራሳቸውም ሰሙት።

«ተገቢ?» አለች ልጅቱ። «ተገቢ ሆኖ አላገኘኸውም?»

«ለሁላችንም የሚሻለው…»

«ሁላችንን ተወን። ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም።»

«ባሌ አስቀየመህ?»

«የለም።»

«ልጆቹ?»

«ልጆቹ ጨዋ ናቸው።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ተናገር እንጂ!»

መናገር ይችሉ ነበር። ማክሰኞ ወረፋ ላይ ያልሽው ደርሶኛል ቢሏት ግን ታለቅስ ነበር፣ ትለምናቸው ነበር፣ እሳቸውም ተለምነው ይገቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ለማንም፣ ለጓደኛዋ እንኳ፣ የልቧን ሳትናገር ነው የምትኖረው። ያቺ ዓረፍተ ነገር እንደ ምስማር ውስጧ ትቀራለች። ያለቻት አንዲት መተንፈሻ ያቺው ወረፋ ናት፤ እሷን ሊዘጉባት አልፈለጉም።

«ለሰው ሸክም መሆን ደንቤ አይደለም» አሉ።

«ሰው?» ድምጿ ተሰነጠቀ። «እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ‹ሰው› የሆንኩት? ደንብ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀለም ስቀባ፣ ልጆቼን ከመኝታቸው ሳስነሣ፣ አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ደንብ ትፈልጋለህ! ኩራት ነው ይኼ። ደረቅ ኩራት። እማዬንም በዚሁ ነው የጨረስካት።»

አፏን በእጇ ያዘች። ሳሎን ውስጥ የነበረው የልጆቹ ጫጫታ ቆመ።

«ይሆናል» አሉ አራሚው።

ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። አማቻቸው እስከ በር ሸኛቸው፤ ፊቱ ላይ ያዘነ ሰው ወግ ነበረ፣ ትከሻው ግን ከምሳው ጊዜ ይልቅ ዝቅ ብሎ፣ ቀለል ብሎት ነበር። አራሚው አዩት፤ አልፈረዱበትም። ልክ ሠራሁ ማለት ነው ብለው አሰቡ። ሐሳቡ ግን ደረጃውን ሲወርዱ አብሯቸው አልወረደም።

ሐሙስ ልጃቸው መጣች። አትመጣም ብለው ነበር። ባሏ ከመሥሪያ ቤቱ የተዋሰውን ትንሽ መኪና ከነሾፌሩ ይዛ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ «ዕቃው የታለ?» ብላ ገባች። ካርቶኖቹን ከሾፌሩ ጋር አራት ፎቅ አወጣች። መጋረጃ ሰቀለች፤ ወለሉን ወለወለች፤ ኩባያዎቹን ከኮሪደሩ ቧንቧ አጥባ መስኮቱ ላይ ደረደረች። የምትናገረው ስለ ዕቃው ብቻ ነው።

«ይኼ የት ይሁን?»

«እዚያ።»

«ይኼስ?»

«ደስ ባለሽ።»

«ቤቱ ያንተ ነው፤ የት ይሁን?»

አራሚው በዚያች ጠባብ ክፍል የሚቆሙበት አጡ። አልጋው ጋ ሲሆኑ አልጋውን ልታነጥፍ ትመጣለች፣ በር ላይ ሲሆኑ ባልዲ ይዛ ታልፋለች። በመጨረሻ ካርቶኖቹ መካከል እንደ ሌላ ካርቶን ቆሙ። አንድ ጊዜ «አትድከሚ፣ ቀሪውን እኔ እሠራዋለሁ» አሏት። ባልዲውን አንሥታ አልፋቸው ሄደች።

ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«እንግዲህ እሑድ…» ብለው ጀመሩ።

«እሑድ የባሌ እናት ጋ ነን።»

«የሚቀጥለውስ?»

«እንጃ። እደውልልሃለሁ።» ቦርሳዋን አነሣች። «ልጆቹ መኝታቸው ተመልሶላቸዋል። ያን ቀን ሲዘሉ ነው የዋሉት።» ይህን የተናገረችው ልትወጋቸው ይሁን ወይ ዝም ብላ ወሬ ለመጨረስ፣ ከፊቷ አልተለየም።

ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ እሰማለሁ ብለው ጠበቁ። እርምጃዋ ግን አጠገባቸው ቆመ፤ የጎረቤቱ በር ተንኳኳ። ግድግዳው ስስ ነው። በሩን የከፈቱት አሮጊት ድምፅ ተሰማ።

«ይቅርታ እማማ፣ አስቸገርኩዎት። እዚህ አጠገብዎ የገቡት አባቴ ናቸው።»

«ዛሬ የገቡት? እንኳን ደኅና መጡ በያቸው።»

«ብቻቸውን ናቸው። ስልኬን እዚህ ላይ ጽፌልዎታለሁ። አልፎ አልፎ ያንኳኩላቸው፤ ካልከፈቱ ይደውሉልኝ፣ በማንኛውም ሰዓት።»

«እሺ የኔ ልጅ። ተጫዋች ናቸው?»

ዝም አለች። አራሚው ግድግዳው ሥር ቆመው ትንፋሻቸውን ያዙ። የሰው አፍ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው፤ እንዲህ ግን ጠብቀው አያውቁም።

«ዝምተኛ ናቸው» አለች ልጃቸው። «መጀመሪያ ይከብዳሉ። ቢቆጡዎት አይቀየሟቸው፤ የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው። ክፉ ሰው ግን አይደሉም።»

«ታዲያ አንቺ ጋ አይሆኑም ነበር?»

«አልፈለጉኝም» አለች።

አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡ። በሩ ተዘጋ። እርምጃዋ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውን፣ አንደኛውን ፎቅ እያለ ወረደ፤ ታች መኪናው ተነሣ።

አራሚው እጃቸውን ግድግዳው ላይ እንዳሳረፉ ቆዩ። በሩን ከፍተው፣ ደረጃውን ወርደው፣ ያ አይደለም እኮ ምክንያቱ ሊሏት የነበረው ጊዜ አልፏል። ደግሞ እውነቱ ይኸው ነበር፦ እሷ ያንን ስላመነች ነው ነፃ የምትሆነው። ወረፋ ላይ ለጓደኛዋ፣ «ለመንኩት፣ አልፈለገኝም» ትላለች፤ ጓደኛዋም ትፈርድላታለች።

ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። አሮጊቷ መጥተው ሁለት ጊዜ አንኳኩ። አራሚው ኮታቸውን አስተካክለው፣ የኮቱን ቁልፎች ቆልፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው በሩን ከፈቱ።

«ምን ልርዳዎት?» አሉ፣ ቢሮ ባለጉዳይ እንደመጣባቸው ሁሉ።

አሮጊቷ በእጃቸው የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አዩና፣ ሊሉት የነበረውን ረስተው፣ «ኧረ ምንም፣ ምንም» ብለው ወደ ኋላቸው ተመለሱ።